መስቀል የሚሳለሙበት ርቀት

ያለፈውን ሳምንት ላላነበበ ሰው ነገሩ አጭር ነው፤ ትርሲት ሞታ ነበር። በእርግጥ አልሞተችም። ግን ተለቅሶላታል፣ ድንኳን ተተክሎላታል፣ ንፍሮ ተቀቅሎላታል። ይህን ሁሉ ያመጣባት ደግሞ ጠላቷ ሳይሆን የሚወዳት ሰው ነው።

የሚወዳት ሰው ያየህ ይባላል። ቢቸና ውስጥ፣ ከገበያው ወደ ላይ በሚወጣው መንገድ ዳር፣ ፎቶ ቤት አለው። ድሮ ሰው ሲዳር፣ ሲመረቅ፣ ልጁን ክርስትና ሲያስነሳ ወደ እሱ ይመጣ ነበር። ስልክ መጥቶ ይህን ሁሉ ወሰደበት። ያልወሰደበት ለቅሶን ብቻ ነው። ሰው ሲሞት ጉርድ ፎቶው አድጎ፣ መስተዋት ለብሶ፣ በክፈፍ ካልተያዘ አልቃሽ ባዶ እጇን አታለቅስም። ስለዚህ ያየህ ከጊዜ ወዲህ የሚያውቃቸው ፊቶች አብዛኞቹ የሙታን ናቸው። የሚኖረው ከፎቶ ቤቱ ጀርባ ባለች ክፍል ብቻውን ነው፤ ሰው አምሮት ቀና ሲል ከግድግዳው የሚያዩት እነሱ ናቸው። ክፉ ጎረቤቶች አይደሉም። ዝምታ ያበዛሉ እንጂ።

ትርሲት ወደዚህ ኑሮ የገባችው የመታወቂያ ፎቶ ልትነሳ መጥታ ነው። የሞጣ ልጅ ናት፤ አባቷ የቅኔው መምህር የኔታ አካለ ወልድ ናቸው። ቢቸና ውስጥ በአንዲት ክሊኒክ በላቦራቶሪ ትሠራ ነበር። «አትሳቂ» አላት ያየህ። ሳቀች። ፎቶው ሳይሆን ቀረ፤ ሌላው ሁሉ ሆነ።

አንድ ቀን ከሟች አሠሪው የወረሰውን የፊልም ካሜራ አውጥቶ እየሳቀች አነሳት። «እናቴ የኔ ፎቶ የላትም» ብላው ነበር፤ ይህን አልረሳም። ፎቶውን አሳደገው፤ ክፈፍ ውስጥ አስገባው። ክፈፎቹ ሁሉ ጥቁር ናቸው፤ ደንበኞቹ ሌላ ቀለም ጠይቀውት አያውቁም። ኮምፒውተሩ ላይ ካለው የተዘጋጀ ማስጌጫ «ነፍስ ይማር» የሚለውን አጠፋ። ከላይ ግራና ቀኝ የሚበሩትን ርግቦች ግን ለፍቅር ብሎ ተዋቸው። ከዚያ ጠቅልሎ በአውቶቡስ ወደ ሞጣ ላከው።

ያን ሰሞን ስልክ አይሠራም ነበር። ዕቃውን ያደረሰው ሰው፣ መስተዋት ነው ስለተባለ፣ በሁለት እጁ አቅፎ፣ አንገቱን ደፍቶ ወደ ግቢው ገባ። እናቷ ወይዘሮ ይርጋነሽ ወረቀቱን ገለጡ። የሚጠይቁት ሰው አልነበረም። መጠየቅስ ምን ያስፈልጋል፤ ፎቶው ራሱ ተናግሯል።

በማግስቱ የኔታ አስከሬን ሊያመጡ ሰው አስከትለው ቢቸና ገቡ። ልጃቸውን ያገኟት ማይክሮስኮፕ ላይ ዐይኗን ተክላ ነው። የሐዘን አለባበሳቸውን አይታ ደነገጠች።

«አባባ፣ ማን ሞቶ ነው?»

የኔታ ግድግዳውን ተደገፉ።

«አንቺ» አሏት።

ያኔውኑ ይዘዋት ሄዱ። ሥራዋንም ወደ ሞጣ አዛወረች። የኔታ ያየህን ቀድሞውንም «የጥላ ነጋዴ» ነበር የሚሉት፤ አሁን ስሙን መጥራትም ተዉ። ጎረቤቱ የእህል ነጋዴው አያ ፋንታ በስንት ምልልስ ከየኔታ አፍ ያወጣው ፍርድ ይህ ነበር፦ «ልጄን በሥዕል ገደላት። በዚያችው መሣሪያ፣ እኔ ቤት፣ እኔ ፊት፣ በሕያዋን መካከል ቆማ ያሳየኝ። ያን ጊዜ እንታረቃለን። በሌላ መሣሪያ አልቀበልም፤ በስልክማ ጭራሽ።» የኔታ የተናገሩትን ሲያጥፉ ታይተው አያውቁም።

ያየህ ይህን ሲሰማ ከዚያች ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንጀራ በላ። ይቅር ከተባለ ሽማግሌ ይልካል፤ ሽማግሌ ከላከ ደግሞ… ከዚያ ወዲያ ያለውን ለማሰብ እንኳ ፈራው። ደስታ ብቻውን ለሚኖር ሰው ይከብዳል፤ የሚካፈለው የለም።

*

ሽማግሌ ይሆናሉ የተባሉት ሌሎች ሰዎች መንገዱን ፈርተው ቀሩ። አያ ፋንታ ብቻ መጣ። በደብረ ወርቅ አድርገው ሞጣ መናኸሪያ ሲወርዱ ያየህ የአያ ፋንታን የማር ቅል ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ መቀበል ነበረበት።

«አያ ፋንታ፣ ይህን ካሜራ በሁለት እጅህ ያዝልኝ።»

አያ ፋንታ በሁለት እጁ ያዘ። እንደ ሕፃን ነው ያቀፈው፤ በዚህ አይታማም። ችግሩ በዚያች ደቂቃ አንድ ቄስ መስቀላቸውን ይዘው በፊቱ ማለፋቸው ነው። አያ ፋንታ ቄስ አይቶ ዝም ብሎ የቆመበት ቀን የለም። ባርኔጣውን በአንድ እጁ አወለቀ፣ ወገቡን አጠፈ፣ ሌላውን እጁን ወደ መስቀሉ ዘረጋ። ለካሜራው የሚሆን ሦስተኛ እጅ አልተገኘም።

ድንጋዩ ላይ ሲያርፍ የወጣው ድምፅ ትልቅ አልነበረም። ያየህ ግን ከቅሉ ጋር ባለበት ቀረ።

ቄሱ መስቀላቸውን ከአያ ፋንታ ግንባር አንስተው ቁልቁል አዩ። «እግዚአብሔር ይፍታህ» ብለው ሄዱ። ለሰውየው ይሁን ለካሜራው አልታወቀም።

«ታዲያ ካሜራ ይዣለሁና መስቀል አልሳለምም ልበል?» አለ አያ ፋንታ።

«ምን አልኩህ?»

«ፊትህ ብሏል።»

ያየህ አጎንብሶ አነሳው። ሌላ ፊልም ካሜራ በቢቸና የለም፤ በሞጣም የለም። በነጠላው ጠቀለለው።

*

መናኸሪያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ገብተው ያየህ ነጠላውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና ካሜራውን አስቀመጠው። ፊልም አልገባበትም፤ የቀረችው አንዲት ጥቅል ፊልም ኪሱ ውስጥ ናት። ሟች አሠሪው የወደቀ ካሜራ ሲያይ መጀመሪያ በጆሮው፣ ቀጥሎ በእጁ፣ በመጨረሻ በዐይኑ ነበር የሚያየው። ዐይን ከቀደመ አንድ ጭረት አይቶ እዚያው ይቀራል ይል ነበር።

ያየህ ካሜራውን ጆሮው ላይ አስጠግቶ ቀስ ብሎ ወዘወዘው። የተፈታ ነገር ቢኖር ይንኳኳ ነበር። ዝም አለ።

«እስቲ ለኔም» አለ አያ ፋንታ። አዳመጠና «ምንም አይልም» ብሎ አዘነ።

«አለማለቱ ነው ጥሩው።»

ቀጥሎ ጠርዞቹን በጣቱ ዳሰሰ። አንዱ ማዕዘን ገብቷል። የጀርባውን ክዳን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ደግሞ ከፈተ። ይገጥማል። ክዳኑን ከፍቶ ካሜራውን ወደ መስኮቱ አዞረና የማንሻውን ቁልፍ ጫነው፤ ውስጡ ያለው ጨርቅ መጋረጃ ተከፍቶ ብርሃን ብልጭ አለና ተዘጋ። ዝግ ባለው ፍጥነትም ሞከረው፤ እንደ ሰው ትንፋሽ ስቦ፣ ቆይቶ፣ መለሰ።

«ሕያው ነው?» አለ አያ ፋንታ።

«ገና ነው። ሌንሱን አላየሁም።»

«ወደዚህ እንዳትዞር» አለ አንድ ድምፅ ከኋላው።

ያየህ አልዞረም። ድምፁን ያወቀው ቃሉ ሳያልቅ ነው። ወንበር ሲሳብ፣ ሰው ሲቀመጥ፣ ጀርባ ለጀርባው ሲሆን ተሰማው።

«ያየኝ ሰው ሻይ የምጠጣ ነው የሚመስለው» አለች ትርሲት። «አንተም ሥራህን ቀጥል።»

«እየቀጠልኩ ነው።»

አያ ፋንታ ብድግ አለ። «እኔ እስቲ ጫማዬን ላስጠርግ» ብሎ ወጣ። ያደረገው የፕላስቲክ ኮንጎ ጫማ ነበር።

«ወደቀ አሉ» አለች ትርሲት።

«ማን ነገረሽ?»

«ሞጣ ናት እኮ። ከመውደቁ በፊት ሳልሰማ አልቀርም። ተጎዳ?»

«እያየሁት ነው።» የስልኩን ባትሪ አብርቶ ሌንሱን ወደ ብርሃኑ አስጠጋ። መስተዋቱ አልተሰነጠቀም። የፊተኛው ቀለበት ግን ትንሽ ተጣሟል።

«መብራቱን ከጎን አድርገው። ፊት ለፊት ከሆነ ጭረት አይታይም።»

«አንቺ በምን አየሽ?»

«እኔ ፊት መስተዋት አለ።»

እሱ ፊት የነበረው የለስላሳ ሳጥን ነው። እሷ ከገባች ጀምሮ ታየዋለች ማለት ነው፤ እሱ ግን የሰማው ብቻ ነው። መብራቱን ከጎን አደረገው። ጭረት የለም።

«ቤት እንዴት ነው?» አላት።

«ደህና ነው። ሁሉም ያከብሩኛል።»

«ጥሩ ነዋ።»

«ጥሩ አይደለም።» ማንኪያዋ ብርጭቆውን ነካ። «ያን ዕለት እናቴ ምን ምን እያለች እንዳለቀሰች ጎረቤት ነገሩኝ። ጣቶቼን ሳይቀር አሞግሳለች አሉ። አካሄዴን፣ አሳሳቄን። በሕይወቴ አንድ ቀን ብላኝ አታውቅም። ስመለስ አቀፈችኝ፤ ከዚያ ወዲህ ዝም። አሁን ስገባ እንደ እንግዳ ብድግ ትልልኛለች። ባለፈው ሳህን ሰበርኩ። ‹ምንም አይደል› አለችኝ። ያየህ፣ እናቴ ምንም አይደል የምትል ሰው አይደለችም።»

ያየህ የስልኩን መብራት አጠፋ።

«ሆን ብዬ ሌላ ሰበርኩ» አለች።

«እና?»

«ዝም ብላ ጠረገችው።»

ከውጭ ባጃጅ ጥሩንባውን እየነፋ አለፈ። ሁለቱም እስኪያልፍ ጠበቁት፤ የሚያወሩት ምሥጢር ሆኖ ሳይሆን ዝም የሚሉበት ምክንያት ስላገኙ ነው።

«ፎቶውስ?»

«አልጣሉትም፣ አልሰቀሉትም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙረው ጓዳ አቁመውታል። ስገባ ስወጣ ጀርባዬን አየዋለሁ።» ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «ለምን እስከ ዛሬ አልመጣህም?»

«ማየት የምትፈልጊኝ አልመሰለኝም። በቁምሽ አስለቅሼብሽ።»

«እኔ ደግሞ አንድ ጊዜ የተለቀሰላት ሴት ማን ይፈልጋታል ብዬ።»

«እኔ እኮ ከእነሱ ጋር ነው የምኖረው» አለ ያየህ።

ሳቀች። ፎቶ ቤት የሰማው ያ ሳቅ ነው፤ አልተለወጠም። ያየህ ሳቁን በጀርባው ሰማው፣ አንገቱ ላይ ሞቀው፣ ሊዞር ትንሽ ቀረው። አልዞረም። ሳቁ ሳያልቅ የሌንሱን የማጥሪያ ቀለበት ሊያዞር ያዘ። ቀለበቱ አልዞረም።

ደግሞ ሞከረ።

«ምነው ዝም አልክ?»

«ፎከሱ አይዞርም። የሙታንን ጉርድ ፎቶ ከቅርብ እያነሳሁ እገለብጥበት ስለነበር የመጨረሻው ቅርብ ላይ ነበር የተውኩት። ጠርዙ ሲጣመም እዚያው ነከሰው።»

«ብታስገድደው?»

«ይሰበራል።»

«እንግዲህ የሚያየው ቅርብ ብቻ ነው።»

«ቅርብ ብቻ ነው።»

«አባባ ያሉት በሕያዋን መካከል ቆማ ነው» አለች ትርሲት። ድምፅዋ ቀዝቅዟል። «ከቤተሰቡ ጋር፣ ግቢው ሁሉ የሚታይበት።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ልትላቸው ነው?»

«እውነቱን።»

«እውነቱን ከነገርካቸው ተመለስ ነው የሚሉህ።»

 ወንበሯ ሲንቀሳቀስ ሰማ፣ የጫማዋን ኮቴ ሰማ፣ ከዚያ ምንም። ቢዞር ኖሮ ቢያንስ ጀርባዋን ያይ ነበር። የታዘዘውን የሚፈጽም ሰው መሆኑን ያን ጊዜ ጠላው።

አያ ፋንታ ተመለሰ። ያየህ ካሜራውን አነሳበት። በመመልከቻው የታየው ባርኔጣ ያደረገ ጭጋግ ነው። «ወደ እኔ ና» አለው። መጣ። «ጨምር።» ጨመረ። «ጨምር።» በመጨረሻ የአያ ፋንታ አፍንጫ ከነጠባሳው ጥርት ብሎ ወጣ።

«በዚህ ርቀት ያየኝ ሰው ሚስቴ ብቻ ናት» አለ አያ ፋንታ። «እሷም ዐይኗን ጨፍና።»

ያየህ ርቀቱን በክንዱ ለካው። መስቀል የሚያሳልም ቄስና የሚሳለም ሰው የሚቆሙበት ያህል ነው።

*

የየኔታ ግቢ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋር ይገናኛል። ጎረቤት ተሰብስቧል፤ ያን ዕለት ያለቀሱት ሁሉ አሉ ማለት ይቻላል። የኔታ ከወይራው ሥር ቆዳ ላይ ተቀምጠዋል። ወይዘሮ ይርጋነሽ ቤቱ በር ላይ ቆመዋል፤ ለልጃቸው የተላጩት ፀጉር ገና መብቀሉ ነው፣ ከሻሹ ሥር አጭር ሆኖ ይታያል። ያየህ ያን ሲያይ ያዘጋጀው ንግግር ጠፋበት። መሬት ድረስ እጅ ነሳ።

«መሣሪያው ይህ ነው?» አሉ የኔታ።

«አዎ፣ የኔታ።»

«ወድቋል አሉ።»

«ወድቋል።»

«አልሞተም?»

«አለ። ግን ሩቅ አያይም። የሚያየው ቅርብ ያለውን ብቻ ነው።»

የኔታ አሰቡ። «የኔ ተቃራኒ ነው» አሉ። «እንግዲህ በሕያዋን መካከል ማሳየት አይችልም።»

«አይችልም። የሚገባው ፊቷ ብቻ ነው።»

«እኔ ያልኩት ሌላ ነበር።»

አያ ፋንታ ጉሮሮውን ጠረገ። «የኔታ፣ የወደቀው በኔ እጅ ነው። መስቀል ልሳለም ብዬ ነው የጣልኩት። ቅጣት ካለ…»

«መስቀል የተሳለመ አይቀጣም። እሱ ግን ቃሌን አልፈጸመም። ያልኩትን ሲችል ይመለስ።»

ያየህ ካሜራውን ወደ ደረቱ አስጠጋ። የደብረ ወርቅን መንገድ አሰበ፤ የክፍሉን ቁልፍ፣ ሲከፍተው የሚያዩትን ፊቶች አሰበ። ዘወር ሊል ሲል ከበሩ ድምፅ መጣ።

«ያለቀስኩት ፊቷን ነው» አሉ ወይዘሮ ይርጋነሽ። «ፊቷ ይበቃል።»

ጎረቤቱ ሁሉ ዘወር ብሎ አያቸው። ከዚያ ለቅሶ ወዲህ ሰው መሀል ሲናገሩ የሰማቸው አልነበረም። የኔታ ሚስታቸውን ረጅም ጊዜ አዩ፤ ከዚያ በመቋሚያቸው ወደ ቤቱ ግድግዳ አመለከቱ።

ትርሲት መጥታ ግድግዳው ፊት ቆመች። ነጭ ለብሳለች። ያየህ ያቺን የመጨረሻ ፊልም አስገባ፣ ክዳኑን ዘጋ፣ ካሜራውን ዐይኑ ላይ አደረገ። መጀመሪያ የቆመው እንግዳ ሰው የሚቆምበት ቦታ ነው። በመመልከቻው የታየው ነጭ ጭጋግ ነበር።

አንድ እርምጃ ሄደ።

«እዚያው ሆነህ አይሆንም?» አሉ የኔታ።

«አይጠራም፣ የኔታ።»

ደግሞ ሄደ። ጭጋጉ ትከሻ አወጣ። ሴቶቹ ማጉረምረም ጀመሩ።

«አሁንስ?»

«ገና ነው።»

«እስከ የት ነው የምትሄድ?»

«እስክትጠራ ድረስ።»

«መስቀል የሚሳለሙበት ያህል ነው፣ የኔታ» አለ አያ ፋንታ። «እኔ ላይ ተሞክሯል።» ይህን ልኬት ነውር ነው ሊል የሚደፍር በዚያ ግቢ አልተገኘም።

ያየህ ሄደ። መጀመሪያ ቅንድቧ መጣ። ከዚያ ዐይኗ፣ ከዚያ ረስቶት የነበረው፣ ከከንፈሯ በላይ ያለው ትንሽ ምልክት። አንድ ባንድ እየተመለሰች ነበር፤ በመጨረሻ ሽፋሽፍቷ ሳይቀር ተለየ። ይህ ሌንስ በዚህ ርቀት ስንት ፊት ገልብጧል። ከእነዚያ አንዱም የያየህ እጅ ላይ ትንፋሽ ጥሎ አያውቅም። አሁን እጁ ሞቀ።

«አሁን ማየት ይቻላል» አለች ትርሲት ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

አያት። ስንት ቀን በድምፅዋና በጀርባዋ የኖረ ሰው ፊቷን ሲያገኝ ምኑን ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። ከስታለች። ዐይኗ ሥር ጠቁሯል። ለሰው የማይታይ ብቸኝነት እዚህ ርቀት ላይ ሲሆን ይታያል፤ ያየህ ያወቀው የራሱም እንደዚያው ስለሆነ ነው።

ጫነው።

ካሜራው ያረጀ ነው። አንዴ ከጫኑት በኋላ ቀጣዩን ፊልም ካልሳቡለት መመልከቻው ጨለማ ነው። ያየህ አልሳበም። ዐይኑን ከጨለማው ላይ ቢያነሳ ወደ ኋላ መመለስ ይኖርበታል።

«ሆነ?» አሉ የኔታ።

«ሆነ።»

«እንግዲህ ይቅር ብዬሃለሁ። እግዚአብሔር ሁላችንንም ይቅር ይበለን።»

አንዲት ሴት እልልታ ጀመረችና የሚከተላት አጥታ ተወችው።

አያ ፋንታ ባርኔጣውን አወለቀ። «የኔታ፣ ይቅርታው ካለቀ ዘንድ ደግሞ አንድ ሌላ ጉዳይ…»

«ሌላ ጉዳይ የለም። በደለ፣ ካሰ፣ ታረቅን። ምሳ ቅመሱና የደብረ ወርቅ መኪና ሳያመልጣችሁ ሂዱ።»

የኔታ የተናገሩት በቁጣ አልነበረም። በፍትሕ ነበር፤ እሱ ነው የከፋው። ያየህ በጨለማው ውስጥ ቆሞ ሰማው። ይቅርታን በር አድርጎ ነበር ያሰበው። አጥር ኖሯል። ከእንግዲህ ቢቸና ተመልሶ በደል የሌለበት ሰው ይሆናል፤ ንጹሕና ብቸኛ።

«አባባ» አለች ትርሲት።

«ምንድን ነው?»

«ካሜራው ወድቋል እኮ። ያኛው ተበላሽቶ ቢቀርስ? ይድገመው።»

የኔታ ወደ መሣሪያው አዩ። «ይድገም» አሉ ሳይወዱ።

ያየህ ፊልሙን ሳበ። ብርሃን ተመለሰ። ትርሲት ግን የለችም። ያለው ጭጋግ ነው፤ ነጭ፣ መሀሉ ላይ የጠቆረ ነገር ያለበት። ካሜራው የለየለት መሰለው። ቀለበቱን በአውራ ጣቱ ገፋ፤ እዚያው ነው። ከዚያ እጁ ላይ ያለው ትንፋሽ ከቅድሙ ይልቅ መሞቁን አስተዋለ።

ካሜራው አልተበላሸም። እሷ ናት የተጠጋችው።

«ትርሲት» አሉ የኔታ። «ወደ ቦታሽ።»

አልተንቀሳቀሰችም።

«ትርሲት።»

«ይተዋት» አሉ ወይዘሮ ይርጋነሽ።

ከበሩ ወርደው ግቢው መሀል ቆመዋል። የሚናገሩት ለባላቸው ነው፤ የሚያዩት ግን ልጃቸውን ነው።

«እኔ ለዚህች ልጅ አልቅሼ ጨርሻለሁ፣ የኔታ። ፀጉሬን ተላጭቼ፣ ስሟን እየጠራሁ፣ ለሰጠኝ መልሻታለሁ። ከዚያ ደግሞ በእግሯ መጣች። ይኸው ስንት ጊዜዬ፣ እንዴት አድርጌ እንደምይዛት ጨንቆኝ ዝም ያልኩ። የኔ እንዳልላት ሰጥቻታለሁ። የእርስዎ ናት እንዳልልዎት እርስዎም አልቅሰዋል። እንግዲህ የራሷ ናት። የምትቆምበትን እሷ ትወቅ።»

የኔታ አፋቸውን ከፈቱ። ለስንት ሊቅ መልስ ያላጡ ሰው ናቸው። መቋሚያቸውን ከግራ እጃቸው ወደ ቀኝ አዛወሩ፤ አፋቸውንም መልሰው ገጠሙ።

«አንቺ ደግሞ» አሉ ወይዘሮ ይርጋነሽ፣ ድምፃቸው ድንገት ከፍ ብሎ፣ «ከሄድሽ አይቀር ቀና በይ። እንደ ሌባ ምን ያጎነብስሻል? ቀሚስሽም ተሰብስቧል። ይህን ሁሉ ሰው ሰብስበሽ ተሰብስቦ ይታይ?»

ትርሲት ቀሚሷን በእጇ አስተካከለች። ቀና አለች። ያየህ በመመልከቻው ጭጋጉ ሲንቀጠቀጥ አየ። ትሳቅ ታልቅስ አልለየም፤ እናቷ ከተቆጧት ስንት ጊዜ እንደሆናት ግን ያውቃል።

«ምን ትጠብቃለህ?» አሉ የኔታ። ድምፃቸው የደከመ ሰው ድምፅ ነበር።

ያየህ ምን እንደሚጠብቅ ያውቅ ነበር። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቢል ትጠራለታለች። ዐይኗ፣ ከከንፈሯ በላይ ያለው ምልክት፣ ሽፋሽፍቷ ሁሉ ይመጣል፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ ሰው የሚያመሰግነው ፎቶ ይወጣል። እንደዚያ ያሉ ጥርት ያሉ ፊቶች ቤቱ ሙሉ አሉት።

ወደ ኋላ አላለም። ጫነው።